መስታወቱን የለቀቀው

ፀጉር ሠሪዋ በሁለት ነገር ከማንም ጋር አትደራደርም። አንደኛው፣ ደንበኛ እርጥብ ፀጉሯን ይዛ ከሳሎኗ እንዳትወጣ ነው። ሁለተኛው፣ ያኔ ሳሎኑ ሊከፈት ሲል የተሰበረውን ትልቁን መስታወት የለቀቀው ባሏ እንጂ እሷ አለመሆኗ ነው። በመጀመሪያው የሚከራከራት የለም። በሁለተኛው ግን ባሏ፣ መስታወት ቆራጩ፣ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እጅ ሰጥቶላት አያውቅም። ባሕር ተሻግሮ ሰው አገር ከገባም በኋላ በስልክ ይከራከራታል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። መስታወቱ ሦስት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ራሳቸውን የሚያዩበት ትልቅ ነበር። ይዞት የመጣው ሰው ረዳቱ ታሞበት ብቻውን ነው የደረሰው፤ ቀጭን፣ ጓንቱ ከእጁ የሚበልጥ፣ ዓይኑ ነገር የሚፈልግ ሰው። «የሚይዝልኝ አንድ ሰው አገኛለሁ?» ሲል እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ «እኔ ምን ጎደለኝ?» አለችው። ትርፍ ጓንት ሰጣትና የሥራውን ደንብ ነገራት። መስታወት ሁለት ሰው ሲሸከም፣ ከኋላ ያለው «ይዣለሁ» ሳይል ከፊት ያለው አይራመድም፤ ከፊት ያለው «ልቀቅ» ሳይል ደግሞ ከኋላ ያለው እጁን አያላላም። ደንቡ ይኸው ነው፣ ሕፃን ይይዘዋል። በሩን አለፉ፣ ደረጃዋን ወጡ፣ ግድግዳው አጠገብ ደረሱ። ማንም «ልቀቅ» አላለም፤ መስታወቱ ግን ወለሉ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ሰውየው ሌላ መስታወት ይዞ መጣና ዝም ብሎ ገጠመው። በሌላ ቀን ጠርዙን ላስተካክል ብሎ መጣ። ከዚያ ብሎኑን ላጥብቅ ብሎ መጣ። የሚጠብቅ ብሎን ሲያጣ ያለምክንያት መጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ተጋቡ። እሷ «ጥፋተኛ ስለነበር ካሰኝ» ትላለች። እሱ «የጣለችው እሷ ናት፤ የተካሁት በደግነቴ ነው» ይላል። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ፎቶ ሊነሡ ቆመው ይችን አንስተው ተነታረኩና ፎቶ አንሺው «እባካችሁ አንድ ጊዜ ፈገግ በሉልኝ» እያለ ለመናቸው።

አንድ ምስክር ነበረች፤ የፀጉር ሠሪዋ እናት። ያን ቀን ጥግ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፍ ነበር። ዛሬም እዚያው ጥግ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። ስንት ጊዜ «እማዬ፣ አንቺ አይተሻል፣ ፍረጂ» ተብላለች። መልሷ አንድ ነው። «እኔ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም» ትልና የሚቀጥለውን ፎጣ ታነሣለች።

ክርክሩ ለሰፈሩ መሳቂያ፣ ለነሱም የቤታቸው ጨው ሆኖ ኖረ። ቪዛ እስኪያስከለክላቸው ድረስ።

መስታወት ቆራጩ በውጭ አገር አንድ የመስኮት ፋብሪካ ቀጥሮት ከሄደ በኋላ ሁለት ክረምት ለየብቻ አሳለፉ። የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያገኝ ሚስቱን መውሰድ ተፈቀደለት። ተፈቀደለት ማለት ግን፣ መጠየቅ ተፈቀደለት ማለት ነው። ይህን ለይታ የነገረቻቸው የባልየው ታላቅ እህት ናት። የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አላት። ሰው ሁሉ «አምባሳደሯ» ይላታል፤ የሾማት መንግሥት የለም፣ ፓስፖርትም የላትም፣ የየአገሩን የቪዛ ሕግ ግን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

«ስሚኝ» አለቻት ፀጉር ሠሪዋን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ። «ጋብቻው በሕግ የተፈጸመ መሆን አለበት፣ ወረቀቱም ተተርጉሞ ማኅተም ያረፈበት። እሱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ገቢና ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት እንዳለው ያሳያል። አንቺ የአገሩን ቋንቋ በመጠኑ ትፈተኛለሽ። ጤናሽን ትመረመሪያለሽ፣ ከፖሊስ ነፃ መሆንሽን ታመጫለሽ። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው።» መነጽሯን አወለቀች። «ሰው የሚወድቀው በመጨረሻው ነው። ትዳሩ የእውነት መሆኑን ማሳመን።»

«የውሸት ቢሆንማ እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የምጨቃጨቀው ከማን ጋር ነው?»

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለነሱ ነው የምትነግሪያቸው።»

ቀላል የተባለው በእርግጥ ቀለለ። መስታወት ቆራጩ የቤቱን ማስረጃ ላክ ሲባል የእያንዳንዱን ግድግዳ ርዝመት ከነሜትሩ ፎቶ አንስቶ ላከ፤ መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው የክፍሉን ብዛት ብቻ ነበር። እሷ ቋንቋውን ሳሎን ውስጥ አጠናች። ቃላቱን ወረቀት ላይ እየጻፈች መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡ ሴቶች እየጠየቋት መለሰች። ካስኩ ስለሚጮህ «ባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» የምትለው በጩኸት ነበር። ፈተናው ላይም እንደለመደችው ጮኸች። ፈታኙ ደንግጦ ወንበሩን ወደኋላ ሳበ፣ ግን አሳለፋት።

በመጨረሻው ግን ወደቁ። ሁለቱም በየፊናቸው የሞሉት ቅጽ ላይ «እንዴት ተዋወቃችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። እሷ «መስታወቴን ለቅቆ ሰበረው» ብላ ጻፈች። እሱ «መስታወቱን ለቅቃ ሰበረችው» ብሎ ጻፈ። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር። ባልና ሚስቱ የተዋወቁበትን ሁኔታ በተመለከተ የሰጡት ቃል ስለሚጋጭ ግንኙነታቸው የእውነት ስለመሆኑ መሥሪያ ቤቱ አልረካም።

አምባሳደሯ ደብዳቤውን አንብባ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ከዚያ «ሁለታችሁንም የወለደ አያርፍም» አለች። የገዛ እናቷንም መስደቧ እንደሆነ ትዝ ያላት ዘግይቶ ነው።

አንድ ዕድል ቀርቷቸዋል። ሁለተኛ ማመልከቻ ይገባል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፣ በዚያም ከተከለከለች አምስት ዓመት ማመልከት አትችልም። አምስት ዓመት ለሌላ ሰው አምስት ዓመት ነው። ለፀጉር ሠሪዋ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ አምስት ዓመት ከጠበቀች ልጅ የሚባለው ነገር ከነአካቴው ሊቀር ይችላል። ይሄን አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም። እሷ ግን ሳሎኑን ዘግታ ወለሉን ስትጠርግ ታስበዋለች፤ እሱም ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ዝም የሚለው ይሄን ሲያስብ እንደሆነ ታውቃለች።

አምባሳደሯ ሁለቱን ለማስማማት የስልክ ስብሰባ ጠራች። ስልኩን ሻምፑ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ የወንድሟ ፊት ወደ ፀጉር ሠሪዋ እንዲያይ አደረገችው።

«አንዳችሁ ተሸነፉ» አለች። «ማን እንደሆነ ግድ የለኝም። አንድ ቃል ነው የምፈልገው።»

«እኔ በሙያዬ አልዋሽም» አለ ባልየው። «መስታወት የሚጥል ባለሙያ ነህ ከምባል እዚሁ ብቻዬን ላርጅ።»

«ሰማሽ እትዬ? ብቻውን ሊያረጅ ነው። ይሁንለት።»

«አንቺስ ብትይው ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት እህትየው። «ፀጉር ሠሪ ነሽ፣ መስታወት ብትጥይ ማን ይታዘብሻል?»

«ያልጣልኩትን? ለምን ብዬ?»

«በቃ፣ ነፋስ ነው የጣለው በሉ» አለች አምባሳደሯ።

«የምን ነፋስ? በሩ ዝግ ነበር» አሉ ባልና ሚስት በአንድ ድምፅ። ያን ቀን የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው።

ነገሩ እየጋለ ሄደ። የጓንቱ ስፋት ተነሣ፣ የሠርጉ ፎቶ ተነሣ። በመጨረሻ አምባሳደሯ ስልኩን ከጠርሙሱ ላይ አነሣችና ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ እንዳይደዋወሉ ከለከለች። «በተነጋገራችሁ ቁጥር ትበላሻላችሁ። የላካችሁትን መልእክት ለማስረጃ ላትም ብዬ ንትርኩን ባወጣ የቀረው ‹በላህ?› ‹በላሁ› ብቻ ነው» አለች። ሁለቱም እልህ ይዟቸው እሺ አሉ።

እልሁ ግን ቶሎ በረደ፤ ዝምታው ነው የከበደው። ፀጉር ሠሪዋ ማታ ስልኩን ታነሣና ታስቀምጠዋለች። ጠዋት መስታወቱን ስትወለውል፣ ያን እሱ የገጠመውን፣ ብሎኑን ደጋግሞ ያጠበቀውን፣ ጥግ ላይ የመቁረጫ አልማዙ የተወውን ጭረት በጣቷ ትነካለች። ደንበኞቿ ተቀይራለች አሉ። አንዷን ሳታስበው ከፈለገችው በላይ አሳጥራ ቆርጣባታለች።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። መጠበቂያው ክፍል ነጭ ነው፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ የታሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም ይነቃነቃል። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ እግር ሙሽራ ዓይኗን ጨፍና የተለማመደችውን በሹክሹክታ ትደግማለች። «የሚወደው ቀለም ሰማያዊ፣ የሚወደው ቀለም ሰማያዊ።» ፀጉር ሠሪዋ ባሏ የሚወደውን ቀለም ለማስታወስ ሞከረችና አጣችው። የማይወደውን ግን ሁሉንም ታውቃለች።

እዚያ ወንበር ላይ እያለች ነው ነገሩ የበራላት። ይሄን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን እሱ ላይ አራግፋ ስታሸንፈው ምን እያለች ነበር? ዕዳ ስለነበረበት ነው የመጣው። እሱስ የኔ አይደለም፣ የሷ ነው እያለ የሚሟገተው ምን ለማለት ነው? ዕዳ አልነበረብኝም፣ አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት። ሰውየው በሠርጋቸውም ቀን፣ በስልክም፣ ይሄንኑ ነው የሚላት። እሷ ደግሞ አይደለም፣ ዕዳህን ነው የከፈልከው እያለች ስትመልስለት ኖራለች። እንግዲያው ይሁንለት፣ አለች በልቧ። እሱ እንደሆነ ከቃሉ ንቅንቅ አይልም፤ እኔ ልሂድለት። ስሟ ሲጠራ እግሯ ቀለላት።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጠያቂዋ አጭር ፀጉር ያላት የውጭ አገር ሴት ናት፤ ማን እንደቆረጣት እንጃ፣ ግራው ከቀኙ በጣት ይረዝማል። ከጎኗ ከረባት ያሠሩ አዛውንት አስተርጓሚ ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደተዘጋ ሱቅ ምንም አይናገርም።

«ባለቤትዎ በየትኛው በኩል ይተኛሉ?» አሉ አስተርጓሚው፣ የጠያቂዋን ቃል ተቀብለው።

«በግድግዳው በኩል። ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን እንዲያገኝ።»

አስተርጓሚው ሳይስቁ አስተረጎሙ። ጠያቂዋ ጻፈች።

«ከሚያደርጉት ነገር የማይወዱላቸው ምንድን ነው?»

«የሥራ ጓንቱን ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ተው ስለው ንጹሕ ነው ይላል። ንጹሕ አይደለም።»

ሌላም ሌላም ተጠየቀች፤ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ የምትፈራው መጣ።

«እንዴት ነው የተዋወቃችሁት?»

ፀጉር ሠሪዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላለፈች።

«መስታወት ተሸክመን ስንገባ ለቀቅኩት። እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነበር። እሱ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት በማግሥቱ ሌላ ይዞ መጣ። እኔን ብሎ ነው የመጣው።»

ጠያቂዋ የድሮውን ወረቀት ገለጠች። አስተርጓሚው ተከተሉ። «ባለፈው የለቀቁት እሳቸው ናቸው ብለው ነበር።»

«ብዬ ነበር። ያኔ እልህ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎን በስልክ አነጋግረናቸዋል» አሉ አስተርጓሚው፤ ጠያቂዋ ወረቀቷን እያየች ትናገራለች፣ እሳቸው ቃል በቃል ይከተላሉ። «እሳቸው ደግሞ ‹እኔ ነኝ የለቀቅኩት› ብለዋል።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ልቡ ዱብ ይል ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ቃላቸው ተጋጨ ማለት ነውና። ፀጉር ሠሪዋ ግን ቪዛውንም፣ አምስት ዓመቱንም፣ አምባሳደሯንም ረሳቻቸው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እሱ ነው ያለው? በገዛ አፉ?»

«በገዛ አፋቸው።»

«ሌላስ ምን አለ?»

አስተርጓሚው ወደ ጠያቂዋ ዞሩ፤ የምትጠየቀው ስትጠይቅ ምን እንደሚደረግ የተነገራቸው ነገር አልነበረም። ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀምጣ ካለፈው ገጽ አነበበች፣ እሳቸውም ተከተሉ።

«‹እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ሥራ ላላስለመድኳት ሴት ያን የሚያህል መስታወት ማስያዜም ጥፋቱ የኔ ነው። እስከ ዛሬ ያላመንኩት ስላፈርኩ ነው።›»

«አላልኩም?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፣ ከወንበሯ ተነሣች፣ የምትነግረው ሰው ፍለጋ ክፍሉን በዓይኗ ዞረች፤ ያገኘችው ከረባት ያሠሩትን አዛውንት ብቻ ነው። «አላልኩም አባቴ? ስንት ዘመን ሙሉ አልኩ፣ የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ። ሠርጌ ላይ አልኩ። እናቴ ፊት አልኩ። ተጽፏል ይሄ? ይጻፍልኝ።»

«ተጽፏል» አሉ አስተርጓሚው ሳያስተረጉሙ።

«ማኅተም አለው?»

ትስቃለች፣ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ ደርሷል፤ እሷ አላወቀችውም። ጠያቂዋ እስክትቀመጥ ጠበቀቻትና በዝግታ ተናገረች። የአስተርጓሚው ድምፅም ዝግ አለ።

«እንግዲያው እርስዎ አሁን የነገሩን ውሸት ነበር ማለት ነው። ለቪዛው ሲሉ ዋሹ?»

ያኔ ነው ፀጉር ሠሪዋ የት እንዳለች ትዝ ያላት። ያላትን ተናገረች።

«እሱ እንደሁ በቃሉ ይጸናል ብዬ ልሸነፍለት ነበር። እሱም እኔ በቃሌ የምጸና መስሎት ነው የዋሸው።» ምላሷን ነከሰች። «አይ፣ እሱ አልዋሸም። እሱ እውነቱን ነው የተናገረው፣ እንዳይሰረዝ። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ለቪዛው ግን አይደለም። እዚህ ሆኜ ብቻዬን ማሸነፍ ሰለቸኝ። የምረታው ሰው አጠገቤ ከሌለ መርታቱ ምን ያደርግልኛል?»

አስተርጓሚው ይህን ለማስተርጎም ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ቃል ብለው ተዉት፣ ሌላ ፈለጉ። ጠያቂዋ ሰምታ ስታበቃ ብዕሯን አነሣች።

«የመጨረሻ ጥያቄ ነው» አሉ አስተርጓሚው። «ቢፈቀድልዎና ቢሄዱ፣ ባለቤትዎን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚሏቸው ምንድን ነው?»

«አመንክ፣ ነው የምለው።»

ጠያቂዋ አጎንብሳ መጻፍ ጀመረች፣ ረጅም ጻፈች። ፀጉር ሠሪዋ ስትወጣ በሩን የከፈቱላት አስተርጓሚው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ባልና ሚስት አይቻለሁ» አሏት። «ሁሉም ይስማማሉ።»

አምባሳደሯ የሆነውን ስትሰማ እጇን አናቷ ላይ ጭና ተቀመጠች። «ሁለታችሁም? ሁለታችሁም በአንድ ቀን ተሸነፋችሁ? የትኛው ሕግ ላይ ነው ይሄ ያለው?» ብላ ጠየቀች። ወንድሟን ደውላ ልትሰድበው ነበር። ግን ውሳኔው ሳይመጣ አትደዋወሉ ያለችው ራሷ ስለሆነች ያን ስድብ ዋጠችው።

ፓስፖርቱ የመጣ ቀን ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ሻምፑ በያዘ እጇ ፖስታውን ቀደደችው። ገጹን ገለጠች፣ ፎቶዋን አየች፣ ከፎቶዋ ሥር ያለውን ቃል ጮክ ብላ በዚያው በካስክ ጩኸት አነበበች፤ ስታጠና መስታወቱ ላይ ከለጠፈቻቸው ቃላት አንዱ ነበር፣ መኖር የሚለው። ሴቶቹ ከካስክ ሥር ወጡ። አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ቢጎዲኗ እየረገፈ አቀፈቻት። አምባሳደሯ እየሮጠች ደረሰች፣ ማኅተሙን በመነጽሯ መረመረችና «ትክክለኛ ነው» ብላ በይፋ አወጀች፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች። ግርግሩ ሲበርድ የሳሎኑ ረዳት ነች ያስተዋለችው። ያን ቀን ሁለት ደንበኞች እርጥብ ፀጉራቸውን ይዘው ከበሩ ወጥተዋል፣ የከለከላቸው አልነበረም።

አምባሳደሯም ከዚያ ወዲህ ሥራዋን አሻሻለች። ለቪዛ የሚመጡትን ባልና ሚስት ገና ሳይቀመጡ «የምትጨቃጨቁበት ነገር አላችሁ?» ትላቸዋለች። የለንም የሚሉ ካሉ ታዝንላቸዋለች።

ፀጉር ሠሪዋ ሳሎኑን ለረዳቷ አስረከበች። የጉዞዋ ዕለት ጠዋት እናቷ ጥግዋ ላይ ተቀምጣ የመጨረሻውን ፎጣ አጠፈች፤ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው፣ ከዚያ ሳይጠይቋት ተናገረች።

«መስታወቱን አንድ ሰው አልለቀቀውም።»

«ምን?»

«ግድግዳው ጋ ስትደርሱ በመስታወቱ አናት ላይ ተያያችሁ። ተያይታችሁ ቀራችሁ። አራቱም እጅ አንድ ላይ ነው የላላው። ማንም ማንንም አልቀደመ።»

ፀጉር ሠሪዋ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። «እና ይሄን እያወቅሽ፣ እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልሽ?»

«ምን ልታወሩ ነበር ታዲያ?» አለች እናቷ።

ተሳሳቁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከአሁኑ ናፈቀቻት፣ ግን ደስታው በለጠ፣ ይህንንም ለእናቷ አልደበቀቻትም። እናትየው «እኔም ይሄን ነው የምፈልገው፣ ሂጂ» ብላ እንባዋን በዚያው ፎጣ ጠረገችላት።

መንገዱ ሁለት በረራና አንድ ባቡር ነበር። የምትደርስበትን ሰዓት በመልእክት ላከችለት፤ ስለ መስታወቱ ግን ፊት ለፊት ሲገናኙ ብላ አንድ ቃል አልጻፈችም። ባቡር ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ስትጠይቅ ያጠናችውን ሳትሳሳት አለች፤ የተጠየቀው ሰው ብቻ ሳይሆን መተላለፊያው ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አመለከታት። ከባቡሩ ስትወርድ አየችው። ቀጭኑ ሰው ትንሽ ሽበት አብቅሏል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው የመጣው፣ ጓንቱ ከኪሱ ይታያል። እሷ ገና አፏን ሳትከፍት ከአፏ ነጠቀ።

«ለቀቅኩ ብለሻል አሉ።»

«አመንክ» አለችው እሷ።

«ውሳኔውን ሲያሳውቁኝ ነግረውኛል። ቃል በቃል ነው ያነበቡልኝ። ‹ጥፋቱ የኔ ነበር› ብለሻል።»

«ያንተ ግን ተጽፏል። ማኅተም አለው።»

ደረቱን ነፍቶ ይስቃል፤ እንዳሸነፈ እርግጠኛ ነው። እሷም እርግጠኛ ናት። ከዚያ ሳቁ በመሐል ተቋረጠበትና አቀፋት፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ፊቷን የሥራ ልብሱ ውስጥ ቀበረች፣ የመስታወት ብናኝ ሽታው ያው ነው። እናቷ የነገረቻት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልነገረችውም። ገና ብዙ ዘመን አብረው ይኖራሉ፤ ይቆይ።

ከጣቢያው መውጫ ላይ ደረጃ ነበር። ሻንጣው ከባድ ነው። እሱ የፊቱን እጀታ ያዘና ወደኋላ ዞሮ አያት።

«ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

አንድ በአንድ ወጡ፣ እሱ ወደኋላ እየተራመደ፣ እሷ እግሩ የሚያርፍበትን እየነገረችው። አናት ላይ ሲደርሱ ሻንጣውን መሬት አስነካና «ልቀቂ» አላት።

ደንቡን ታውቀዋለች። ግን አልለቀቀችም።